ባሕር ዛፍ የጋረደው ጣሪያ

የገመዳ ሥራ ወንበር ላይ ተቀምጦ ከሰማይ ወደ ምድር ማየት ነው። አውሮፕላን ከሁለት ቦታ ያነሳቸውን ሁለት ፎቶዎች ጎን ለጎን ያስቀምጥና በመነጽሩ ያጎነብስባቸዋል። ግራ ዓይኑ አንዱን፣ ቀኝ ዓይኑ ሌላውን ሲያይ የእንጦጦ ተራራ ከጠረጴዛው ላይ ብድግ ይላል። በሁለቱም የታየውን ጣሪያ አገናኝቶ ካርታ ላይ ማስፈር ነው እንጀራው።

ባሕር ዛፍ ግን ለመመሪያ አይታዘዝም። የእማማ አፀደን ጣሪያ በግራው ፎቶ ገልጦ በቀኙ ጋረደው። ገመዳም በቀኙ የጎረቤታቸውን ቆርቆሮ አገኘና የእርሳቸው ነው ብሎ አገናኘው። ከሁለት ቤት አንድ ቤት ወጣ፤ ካርታውም ጸደቀ።

አንድ ማክሰኞ እማማ አፀደ ከእንጦጦ በእግራቸው ወርደው፣ የቀበሌ ወረቀት ይዘው ቢሮው በር ላይ ቆሙ። ወረቀቱ እንደሚለው፣ ካርታ ላይ ቤት በሌለበት ሁሉ በሚቀጥለው ሰኞ ችግኝ ይተከላል፤ ጎጆ ከተገኘም ይፈርሳል።

«ልጄ፣ ‹ቤት የለሽም› ይሉኛል። ታዲያ ትናንት የት አደርኩ?»

ገመዳ ፎቶዎቹን አውጥቶ አየ። በቀኙ ያገናኘው የጎረቤታቸውን ቆርቆሮ ኖሯል።

በማግስቱ የግለ ሂስ ስብሰባ ነበር። አንዱ በበቂ አለመንቃቱን፣ አንዷ ኢምፔሪያሊዝምን በበቂ አለመጥላቷን ተናዘዙ፤ ተጨበጨበላቸው። ገመዳ ተነሣ።

«እኔ የአንዲት እናት ቤት አጥፍቻለሁ።»

ጭብጨባው ጠፋ። እውነተኛ ጥፋት እዚያ አዳራሽ ተሰምቶ አያውቅማ!

«ካርታው ጸድቋል እኮ ጓድ!» አለ የስብሰባው ሊቀመንበር ሠረቀብርሃን። «ሁለት ዓይን ያላየውን አንሥልም።»

«እስቲ ጠረጴዛዬ ጋ ይምጡና በመነጽሩ ይዩት። ቀኝ ዓይንዎን ይጨፍኑ።»

«ጣሪያ ነው።»

«አሁን ግራውን።»

«ጫካ።»

«ታዲያ ሴትዮዋ የት ነው ያሉት?»

ስለ ዲያሌክቲክስ ሁለት ሰዓት ውኃ ሳይጠጣ የሚናገረው ሠረቀብርሃን ውኃ ጠየቀ። ጠጣና፣ «እግር አለህ አይደል? ሂድና ለካው» አለ፤ ቀስ ብሎ፣ እንደ ሰው።

እሑድ ገመዳ ሜትሩን ይዞ ዳገቱን ወጣ። የሜትሩን ጫፍ እማማ አፀደ ያዙለት፤ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ታቦት የያዙ ያህል ተጠንቅቀው። ከጎረቤት ቤት እስከ እርሳቸው ግድግዳ አሥራ አንድ ሜትር። ካርታውን ጉልበቱ ላይ ዘረጋና የሽንብራ ፍሬ የማታክል አራት ማዕዘን ሣለ።

«ይቺ ናት እኔ?»

«አዎ፣ እማማ። ነገ ጠዋት፣ ተካዮቹ ሳይመጡ ማኅተም ይመታባታል፤ ማንም አይነካዎትም።»

ጎንበስ ብለው ብዙ አዩ። «በሩስ?»

«ካርታ ላይ በር አይሣልም።»

«ታዲያ በየት ልገባ ነው?»

ገመዳ ደንቡን ሊያስረዳቸው ብሎ ተወው። እርሳሱን ቀረጸና «በየት በኩል ላድርግልዎት?» አላቸው።