እርጥቡን እንጨት ያመጣሁ ዕለት

ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው እናቴን የቀበርናት፤ እኔ አላለቀስሁም። ያኔ ስማዳ፣ አጎቴ ቤት፣ ለቀስተኛው ደረቱን ሲደቃ እኔ ደጅ የታሰረች ግልገል አያለሁ። «ምን ዓይነቷ ዓይነ ደረቅ ናት!» አሉ ሴቶቹ። ልጆቹም ከእነሱ ተቀበሉና ስሜ «ደረቋ» ሆኖ ቀረ።

ባለፈው የወንድሜ ልጅ እንግሊዝኛዋን ስታጠና «አክስቴ፣ ድራይ ማለት ደረቅ ነው፤ ለእንጨትም ለሰውም ይሆናል» ብትለኝ፣ «እሱንማ እኔ ሳልማር አውቀዋለሁ!» ብዬ ቤቱን በሳቅ አናጋሁት። ሳቁ ሲያልቅልኝ ግን ያ ምሽት መጣብኝ።

ጎረቤታችን አያ ታምሩ የሚባሉ ሽማግሌ ማታ ማታ ተረት ይነግሩን ነበር። ወጉ፣ ሰሚው ሁሉ ለምድጃቸው አንዳንድ እንጨት ይዞ መሄድ ነው። የአጎቴ ሚስት ደረቁን እንጨት ስለማታስነካኝ፣ እኔ ያን ዕለት ዝናብ የመታውን የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ሰብሬ ሄድሁ። ገና እሳቱ ላይ ሲያርፍ ፍሙ ሿ ብሎ ደበዘዘ፣ የኩራዙም ብርሃን ጠፋን፣ ቤቱ በጭስ ታፈነ።

«ደረቋ እርጥብ አመጣችልን!» ብለው ልጆቹ ተንጫጩ። ሁሉም እያሳለ ዓይኑን ይጠርጋል። የእኔም ዓይን ፈሰሰ። መጀመሪያ ከጭሱ ነበር፤ ኋላ ግን ጭሱ ሳስቶም አላቆም አለኝ። እናቴ ጉልበቷ መሀል አስቀምጣ ጸጉሬን ስትሠራኝ፣ ሲያመኝ ጭምድድ አድርጌ የምይዘው የቀሚሷ ጠርዝ ትዝ አለኝና እንባዬ ወርዶ ወርዶ አገጬን አረሰው። ከልጆቹ ማንም አላወቀብኝም። አያ ታምሩ ግን አዩኝ። ተረታቸውን ሳያቋርጡ ከዚያው ከእርጥቡ አንድ ስባሪ ጨመሩበት።

«ኧረ አያ፣ ልትጨርሱን ነው!» አለ አንዱ።

«ዝም በል! አንተን ብሎ ተረት ሰሚ!» አሉት። ስንወጣ ወደ ጆሮዬ ዝቅ ብለው፣ «ነገም ይህንኑ አምጪ፣ የኔ ልጅ» አሉኝ።

ሳምንቱን ሙሉ እርጥብ እንጨት አመላለስሁ።

ተረቱ የጅብ ይሁን የጦጣ ዛሬ አላስታውሰውም። አሁን በሰርጉም በማኅበሩም ከሁሉ በላይ የሚሰማው የእኔ ሳቅ ነው፤ ሰው «እሷን ሐዘን አያውቃትም» ይለኛል። በሬን ዘግቼ ብቻዬን ስቀር ግን አያ ታምሩ ይናፍቁኛል፤ «ምን ሆንሽ» ሳይሉኝ፣ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ ወሬያቸውን ሲቀጥሉ።