ጥቁር ቀሚስ እና ረጅሙ መስመር

የአውቶቡስ ትኬት ቆራጯን ሾፌሩ «ጥቁር ቀሚስ» ይላታል፤ ክረምት ከበጋ ሌላ ቀለም ለብሳ አይቷት አያውቅም። ምክንያቱን ቢያውቅ ኖሮ ቀልዱን ይቀንስላት ነበር። ሴትዮዋ በሳቀች ቁጥር ሽንት ያመልጣታል። ስታስነጥስማ አይነሳ።

ሦስት ልጆች አምጣ ወልዳለች። የመጨረሻው፣ ሲወለድ አራት ኪሎ ተኩል የመዘነው ጎረምሳ፣ በር ሰብሮ ነው የወጣው። እሱ ሽንት ጨርቅ ከተወ ስምንት ዓመት አለፈው፤ እናቱ ግን እስካሁን አልተወችም። መንታዎቿን በኦፕራሲዮን የተገላገለችው ታናሽ እህቷ ደግሞ ዘመድ በተሰበሰበበት «እኔ ከወገቤ በታች ገና ከፋብሪካ እንደወጣሁ ነኝ» እያለች ታቆስላታለች።

ጥቁር ቀሚስ ያገኘችው መላ ውሃ አለመጠጣት ነው። ሥራ ላይ ከንፈሯን ብቻ ታርሳለች። በመንገዷ ላይ ያሉትን ሽንት ቤቶች ከነጠባቂዎቻቸው ፀባይ በቃሏ ታውቃለች። በዚህ መሃል ሾፌሩ ወደ ረጅሙ መስመር ተዛወረና አብራው እንድትሠራ ጠየቃት። ዐሥር ዓመት የተመኘችው መስመር ነው፤ ግን ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ መቆሚያ የለውም። መልሷን ዓርብ ይፈልጋል። እምቢ ልትለው ቆርጣ፣ ሐሙስ ዕለት ወደ እህቷ ቤት ሄደች።

የድንች ከረጢት ተጋግዘው ደረጃ ሲወጡ እህትየው አስነጠሳት። ከረጢቱን ለቀቀችና እግሯን አቆላልፋ ደርቃ ቀረች። ጥቁር ቀሚስ ያንን አቋቋም የት ታጣዋለች።

«አንቺም?»

«ከመንታዎቹ ጀምሮ።»

«በኦፕራሲዮን አልነበር እንዴ?»

«እትዬ፣ ዘጠኝ ወር የተሸከምኳቸው በጆንያ መሰለሽ?»

ድንቹ በደረጃው ሲንከባለል ሁለቱም እስኪረጥቡ ሳቁ።

ዓርብ ጠዋት ተያይዘው ጤና ጣቢያ ሄዱ። ነርሷ አምጦ መውለድ ችግሩን እንደሚያበዛው፣ ኦፕራሲዮን ግን ጨርሶ እንደማያስቀረው ነገረቻቸው። መድኃኒቱ ፈሱን እንደሚይዝ ሰው ጠበቅ አድርጎ፣ ዐሥር ቆጥሮ፣ ላላ ማድረግ ነው፤ በየቀኑ፣ ለወራት። «ውሃሽንም ጠጪ» አለቻት ጥቁር ቀሚስን፤ «የወፈረ ሽንት ፊኛን ያስቆጣል።»

ወራቱ ይቆያል፣ መልሱ ግን ለዛሬ ነው። ሾፌሩን መሪው ላይ ተደግፎ አገኘችውና ዓይኑን ሳታይ ተናገረች።

«ጋሼ፣ መሃል ላይ አንድ ቦታ የምንቆም ከሆነ እመጣለሁ።»

«ለምን?»

«ሽንት መያዝ አልችልም። ሦስት ልጅ ወልጃለሁ።»

ሾፌሩ ጎንበስ ብሎ ከወንበሩ ሥር አፈ ሰፊ የፕላስቲክ ጠርሙስ አወጣና አሳያት።

«እኔ ደግሞ ምንም አልወለድኩም» አለ።

ጥቁር ቀሚስ አውቶቡሱ ውስጥ ስንት ዓመት ሳቋን አፍና ኖራለች። ያን ቀን ለቀቀችው።