የጋሽ ነገ ኮት

የልብስ ሰፊዋ ክፍል ጣሪያ ማፍሰስ ከጀመረ ሦስተኛ ክረምቱ ነው። ውሃው ደግሞ ቦታ መራጭ ነው፤ አልጋውን ትቶ፣ ወለሉን ትቶ፣ ልክ የስፌት መኪናዋ ላይ። መኪናዋን አንዴ ወደ መስኮቱ፣ አንዴ ወደ በሩ ስትገፋ ወገቧ አለቀ።

አከራይዋን ሰፈሩ "ጋሽ ነገ" ይላቸዋል። ስትነግራቸው ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፣ አገጫቸውን ያሻሉ፣ ከዚያ "እህህ... ነገ አየዋለሁ ልጄ።" ሦስት ክረምት ሙሉ።

ባለፈው ሳምንት፣ "ጋሼ፣ ካልጠገኑልኝ ለቤቶች ጽሕፈት ቤት እናገራለሁ" ብትላቸው፣ ሰውዬው ባንዴ ፈጣን ሆኑ።

"እህህ... የእህቴ ልጅ ሊያገባ ነው፣ ክፍሉን ይፈልገዋል። በሠላሳ ቀን ልቀቂ።"

ክው አለች። ዘጠኝ ዓመት ደንበኛ የለመደው ይሄንን በር ነው። ሌላ ሰፈር ማን ያውቃታል?

ጎረቤቷ ፀጉር አስተካካዩ ወሬው ደርሶት ማበጠሪያውን እንደያዘ መጣ። "ጥገና የጠየቀ ተከራይ እስከ ስድስት ወር አይባረርም፣ ደንብ ነው። ብቻ ጽሕፈት ቤቶቹ የጠየቅሽበት ወረቀት ይፈልጋሉ።"

"በአፌ ነዋ የጠየቅኩት።"

"አፍሽን ፋይል ውስጥ አይከቱልሽም እታለም።"

ልብስ ሰፊዋ ግን አንድ አመል አላት። የደንበኛ ልብስ ላይ ያለውን እድፍም ቀዳዳም ደብተሯ ላይ ጽፋ ባለቤቱን ታስፈርማለች፤ ኋላ "አንቺ ነሽ ያበላሸሽው" እንዳትባል። ደብተሩን ገለጥ ገለጥ ስታደርግ ያለፈው ወር ላይ ቆመች። "የጋሼ ኮት፣ እጅጌው ሊያጥር። ለብሰውት እዚህ ሲገቡ ከጣሪያው በፈሰሰ ውሃ ትከሻው ረጥቧል። ጣሪያው እንዲጠገን ነግሬያቸዋለሁ።" ከሥሩ ጭራው የረዘመ ፊርማቸው።

ደብተሩን ይዛ ሄዳ አመለከተች፤ ጽሕፈት ቤቱም ሁለቱንም ጠራ። ሠራተኛዋ ደብተሩን ሁለቴ አነበበችና ወደ እሳቸው አዞረችው።

"ፊርማው የእርስዎ ነው አባባ?"

"እህህ... እኔ እኮ የፈረምኩት ለኮቱ ነው። መነጽርም አልያዝኩም ነበር።"

"ስለ ጣሪያው እንደነገረችዎትም ፈርመዋል። ስድስት ወር አይነኳትም። ጣሪያው ደግሞ በአሥራ አምስት ቀን ይጠገን።"

የሚመለሱት ወደ አንድ ግቢ ነውና፣ ጎን ለጎን ሄዱ። በሩ ጋ ሲደርሱ እሳቸው ገፍተው ያዙላት።

"ስንት ቆርቆሮ ይፈጅ ይሆን?" አሉ፣ ፊታቸውን ወደ ጣሪያው አድርገው።

"ቆይ ሜትሬን ላምጣ።"

ወንበር ላይ ወጥታ ስትለካ፣ ወንበሩን የያዙት እሳቸው ነበሩ።