አባ ኃይሌ የወደቁለት ወጣት

ባለፈው እሑድ የልጅ ልጄ ክርስትና ተነሳች። ሰሚት ቤታቸው ስንመለስ አማቼ የወርቅ መስቀል ከኪሱ አወጣና «እማማ፣ እርስዎ ያጥልቁላት» አለኝ። ተቀበልኩት እንጂ አላጠለቅኩላትም። ደም ግፊቴ ተነሳብኝ ብዬ መስቀሉን ለልጄ ሰጠኋት። ግፊቴስ ደህና ነበር፤ ዋሸሁ።

ነገሩ የቆየ ነው፤ ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ፍልሰታ ገብቷል፤ ዝናቡ ለአፍታ ጋብ ቢልም የሾላ ገበያ ጭቃ ጫማ ያስቀራል። እናቴ ለፍትፍት የሚሆን ሱፍ ግዢ ብላ ላከችኝ። «በጾም ወርቅ አድርገሽ አትውጪ» ብትለኝም መቼ ሰምቻት! አንገቴ ላይ የማጠልቃትን ያቺን የወርቅ መስቀል ሰው ካላየልኝ የለበስኩ አይመስለኝም ነበር። ጎንበስ ብዬ ሱፉን በእፍኜ እያየሁ ሳለ አንድ ወጣት ገፍቶኝ አለፈ። ቀና ብዬ አንገቴን ብዳስስ ባዶ ነው።

«ሌባ! መስቀሌን!» ብዬ ጮህኩ።

አሥር እርምጃ እንኳን አልሄደም፤ ያዙት። ሰዓቱ ቅዳሴ የወጣበት ነበርና ገበያው ነጠላ በለበሰ ጾመኛ ተሞልቷል። «ጭራሽ መስቀል? በእመቤታችን ጾም?» ይላል አንዱ፤ ሌላው ይማታል። ገንዘብ ቢሆን ኖሮ እንደዚያ የሚጨክኑ አይመስለኝም። ልጁ «አልወሰድኩም፣ በማርያም!» ሲል ጭራሽ ስሟን ጠራ ብለው ባሰባቸው።

በዚህ መሃል መቀነቴ ውስጥ አንድ ቀዝቃዛ ነገር ተሰማኝ። በጣቴ ዳበስኩት። ክሩ ተበጥሶ መስቀሌ በቀሚሴ ውስጥ ወርዶ እዚያ ቀርቷል።

«ተገኘ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አላልኩም። ዱላው ወደ እኔ የሚዞር መሰለኝ፤ ከዱላውም ይልቅ ውርደቱ አስፈራኝ። መቀነቴን በሁለት እጄ ይዤ ቆምኩ፤ ልጁ ከጆሮው ደም ይወርዳል። አሁን ይሞታል፣ አሁን ይሞታል እያልኩ በልቤ እቆጥራለሁ፤ አፌ ግን አይከፈትም።

የቤታችን የንስሐ አባት አባ ኃይሌ ከቅዳሴ ሲመለሱ ደረሱ። መስቀላቸውን ከፍ አድርገው «ገዝቻለሁ! በሥላሴ ስም ገዝቻለሁ!» አሉ። በዚያ ዘመን ቄስ ከገዘተ እጅ ይመለሳል። አንዳንዱ ተመለሰ። አንድ ጎረምሳ ግን «አባ፣ ሌባ ነው፤ ዞር ይበሉ!» ብሎ ዱላውን አነሳ። እሳቸው ዞር አላሉም፤ ጥምጥማቸው ጭቃው ላይ ወድቆ ልጁ ላይ ተኙበት። ዱላው ክንዳቸው ላይ አረፈ። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት።

ገበያው ጸጥ አለ። ቄስ መምታታቸው ሲገባቸው አንድ በአንድ ተበተኑ። ልጁ ተነስቶ እያነከሰ ወደ ላምበረት ሄደ። ስሙን እንኳን አላውቅም።

ሦስት ቀን እህል አልወርድልኝ አለ። በአራተኛው ቀን አባ ኃይሌ ቤት ሄድኩ። ወጌሻ ክንዳቸውን በሸምበቆ አስሮታል። እግራቸው ሥር ወድቄ «አባ፣ መስቀሉ እኔው ጋ ነበር። ልጁ አልሰረቀም» አልኳቸው።

«ሲመቱት አውቀሻል?»

«አውቄያለሁ።»

ይቆጡኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

«ሰርቆ ቢሆን ኖሮስ፣ ልጄ? ዛሬ እዚህ መጥተሽ ታለቅሺ ነበር?»

ከጥያቄያቸው ለማምለጥ ይሁን እሳቸውን ለማጽናናት እንጃ፣ «እርስዎስ ንጹሕ መሆኑን አውቀው አይደል የወደቁለት?» አልኩ።

«የት አውቄ?» አሉኝ። «ሌባ መስሎኝ ነው።»

ቀኖና ሰጡኝ፤ ፈጸምኩ፤ «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሉኝ። ክንዳቸው ግን እንደተጣመመ ቀረ፤ ሲያሳልሙን በግራ እጃቸው ነበር።

አባ ካረፉ ቆዩ። ዛሬ ንጹሕ ሰው ሲደበደብ ባይ እጮሃለሁ ብዬ ራሴን አምናለሁ፤ ይህን ያህልስ ተምሬያለሁ። የተያዘው ሰው በእርግጥ ሰርቆ ቢሆንስ ስል ግን ራሴን አላምንም። የሚወድቅለት ሰው የሚያስፈልገው ያኔ ነው፤ እኔም ያኔ የምወድቅ አይመስለኝም።