እማዬ ቼክኛ የተማረችበት ዓመት

ነጭ ሽንኩርት የታሸበት ትኩስ ዳቦ በሸተተኝ ቁጥር ኦክላንድ ውስጥ ያደግኩባት ጠባብ ኩሽና ትመጣብኛለች። ባለፈው ሰሞን እንኳ ሳን ሆዜ፣ ከሥራ ወጥቼ ወደ መኪናዬ ስሄድ፣ ከአንድ ምግብ ቤት በር ያው ሽታ ወጥቶ ያዘኝና ቁልፌን በእጄ እንደያዝኩ መንገድ ላይ ቆሜ ቀረሁ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ዳቦው በዘይት ይጠበስና ገና ሳይበርድ ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ይታሽበታል፣ ጨው ጣል ይደረግበታል፣ በቃ። እህቴ ያና ከአገሯ ይዛው የመጣችው ምግብ ነበር፤ እሷ በሠራችው ቀን ሽታው በደረጃው ወርዶ ይቀበለኝና፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ገና በሩን ሳልከፍት ማን ቤት እንዳለ አውቅ ነበር።

ያና የአባቴ ልጅ ናት። አባዬ በወጣትነቱ ለትምህርት ቼኮዝሎቫኪያ ተልኮ፣ ብርኖ በምትባል ከተማ ምሕንድስና ሲማር ከአንዲት የዚያ አገር ልጅ ወልዷት፣ ትምህርቱ ሲያልቅ ወደ አዲስ አበባ እንዲመለስ ታዝዞ፣ መንግሥት ሲለወጥ ደግሞ ተሰድዶ ኦክላንድ የገባ ሰው ነው። ይህን ሁሉ ለእማዬ ከመጋባታቸው በፊት ነግሯታል። የያና ፎቶ ሳሎናችን ውስጥ ከእኔ ፎቶ ጎን ተሰቅሎ ነው ያደግኩት፤ ለገና አባዬ የስልክ ካርድ ይገዛና በሚሰባበር ቼክኛ ያናግራት ነበር። እኔ ግን ያ ፎቶ አንድ ቀን ሻንጣ ይዞ ይመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ዘጠኝ ዓመቴ ሳለ የያና እናት ታማ ሞተች። አክስቷ ወሰደቻት፤ አባዬ ግን ልጄን አምጡልኝ ብሎ አጥብቆ ስለያዘ፣ ብዙ ክርክር ተደርጎ፣ ለአንድ የትምህርት ዓመት ትምጣና ካልተስማማት ትመለስ ተባለ። ወረቀቷ አልቆ በመስከረም ስትደርስ፣ ኦክላንድ ውስጥ በጋው የሚብሰው በዚያን ጊዜ ነውና፣ ያና የሱፍ ካፖርት ለብሳ ላብ እያጠመቃት ነበር። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ቁመቷ የአባዬ፣ ግንባሯ የአባዬ፣ ዝምታዋ ግን ከየት እንደመጣ እንጃ።

አባዬ የኤርፖርት ታክሲ ስለሚነዳ ማልዶ ወጥቶ አምሽቶ ነበር የሚገባው። እማዬ በኤርፖርቱ አጠገብ ባለ ሆቴል አንሶላና ፎጣ ታጥብ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ትመለስና ለእኔና ለያና ምሳም እራትም የሚሆን ምግብ ታቀርባለች። ጭልፋውን አንስታ በዓይኗ፣ ልጨምርልሽ? ትላታለች። ያና «ኖ፣ ኖ» ትላለች። እማዬም ጭልፋውን ትመልሳለች። ያና ጭልፋው ወደ ድስቱ ሲመለስ በዓይኗ ትከተለውና ሳህኗን ታያለች።

እንዲህ እያለ ሰነበተ። እማዬ ምግቤን ጠላችው ብላ አንድ ቀን ፓስታ፣ አንድ ቀን ሩዝ ትሠራለች፤ መልሱ ያው «ኖ» ነው። «እኔን ነው የጠላችው» ስትለው ሰማኋት አባዬን። ከዚያ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ያናን ኩሽና ውስጥ ቆማ ደረቅ ዳቦ ስትጎርስ አገኘኋት። ደነገጠች፤ ስትሰርቅ የተያዘች ይመስል ዳቦውን ከኋላዋ ደበቀችው። ያና የትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ትንሽ ትንሽ ታውቅ ስለነበር፣ ለምን ምግብ ሲሰጡሽ ኖ ትያለሽ? አልኳት።

«ኖ» አለችኝ፣ ራሷን ወደ ታች እየነቀነቀች። «አኖ። ኖ!»

ራሷ እሺ እያለ አፏ እምቢ ይላል። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። በቼክኛ እሺ ለማለት «አኖ» ይባላል፤ ሰው ሲቸኩል ደግሞ ከፊት ያለችውን «አ» ይውጣትና «ኖ» ይላል። እምቢ ማለት ሲፈልጉ «ኔ» ነው የሚሉት። ልጅቷ ያን ሁሉ ቀን አዎ፣ ጨምሪልኝ ስትል ኖራለች፤ በዚህ ቤት ሰው ይጠየቃል እንጂ አይሰጠውም ብላ ደምድማ ነበር።

እማዬ ስትገባ በእንግሊዝኛ ልነግራት ጀመርኩ። እኔ በዚያን ጊዜ አማርኛ እሰማለሁ እንጂ አልናገርም፤ በአማርኛ ስትጠይቀኝ በእንግሊዝኛ ነበር የምመልስላት። «ቀስ ብለሽ፣ በአማርኛ ንገሪኝ» አለችኝ። እየተንተባተብኩ «እማዬ፣ ያና ኖ ስትል… እሺ ነው» አልኳት። ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ወንበር ላይ ቁጭ አለች።

«በረሃብ ፈጅቻታለሁ በይኛ!»

ወዲያው ተነስታ ምስር ወጥ ሠራች፤ ያና ሳህኗን በእጇ እስክትከልል ድረስ ጨመረችላት። አባዬ ሲገባ በሩ ላይ ጠብቃ አዋጇን ነገረችው። «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ቃል አጥቶ የሚራብ ሰው አይኖርም። እሷ እንግሊዝኛዋን ትማር፣ እኔ የሷን እማራለሁ፣ ብሌን» አለች ወደ እኔ እየጠቆመች፣ «መሃላችን ትቀመጣለች።»

«ቼክኛ እኮ ከባድ ነው» አለ አባዬ። «እኔ ራሴ ስንት መከራ አይቼበታለሁ።»

«አንተ ለፈተና ነው የተማርከው። እኔ ልጅ ላበላበት ነው።»

እንዲህ ተጀመረ። የአባዬ ቼክኛ የፋብሪካና የመማሪያ ክፍል ቼክኛ ስለነበር ሲሚንቶና ጥርስ ያለው መዘውር ምን እንደሚባሉ ያውቃል፤ ትራስና ማንኪያ ሲባል ግን ግንባሩን ይዞ ይቀመጣል። ስለዚህ የቤቱ ቃላት ሁሉ ከያና አፍ መምጣት ነበረባቸው። እኔ አንድ ዕቃ አነሳና በእንግሊዝኛ እጠራለሁ፤ ያና ካወቀችው የራሷን ትናገራለች፣ ካላወቀችው እጄን እያወናጨፍኩ አስረዳለሁ፤ ከዚያ ለእማዬ በአማርኛ አስተላልፋለሁ፤ እማዬም እያንዳንዱን ቃል እስኪሰለቸን ትደጋግማለች። ውሃ «ቮዳ»፣ ጨው «ሱል»፣ ማንኪያ «ልዢፄ»። በእማዬ አፍ የማንኪያው መጨረሻ ፊደል እንደ ርችት ስለሚፈነዳ ያና ኦክላንድ ከገባች ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቀችው በዚያች ማንኪያ ነው። ያና በተራዋ ጨውን «ቸው»፣ ቆሎን «ኮሎ» ትላለች፤ እማዬ አፏን በጣቷ እያሳየች «ከጉሮሮሽ፣ ከጉሮሮሽ!» ትላታለች።

አንድ ፊደል ግን እማዬን አስቸገራት። ቼኮች «ር»ንና «ዥ»ን ባንድ ትንፋሽ የሚሉበት ድምፅ አላቸው፤ ትራስም፣ ደህናም፣ ብዙ ነገርም ያለሱ አይነገርም። እማዬ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ስታጥፍ «ዶብርዤ፣ ዶብርዤ» እያለች ስትለማመድ አብራት የምትሠራ ሴት ጥርስሽን አሞሻል? ብላ የሕመም ማስታገሻ ሰጠቻት። ኪኒኑን ኪሷ ከትታ መለማመዷን ቀጠለች።

ክረምቱ ገባ። ያና በረዶ ስትጠብቅ ዝናብ መጣ፣ በበጋ ደርቀው የነበሩት ኮረብታዎችም አረንጓዴ ሆኑ። እንግሊዞች ዊንተር የሚሉትን ያና «ዚማ» አለችው፤ እማዬ ዜማ መስሏት መዝሙር ልታወጣ ስትል፣ ያና ትከሻዋን እያንቀጠቀጠች ብርድ ማለትም እንደሆነ አሳየቻት። እማዬ በመስኮት ዝናቡን አይታ «ይኼማ ክረምት ነው» ብላ ጉዳዩን ዘጋችው።

በዚያው ክረምት ያና ከትምህርት ቤት አንድ ቃል ይዛ መጣች። እንግሊዝኛ ለሚጀምሩ ልጆች በተዘጋጀው ክፍል መምህሯ፣ አይ ሚስ ማይ መዘር በይ ብላት ነበር። ሚስ ምንድን ነው? አለችኝ። እኔ የማውቀው አውቶቡስን ስለነበር፣ አንቺ ሳትደርሺ አውቶቡሱ ጥሎሽ ሲሄድ ማለት ነው አልኳት። ያና ፊቷ ተለወጠ። ተነስታ መታጠቢያ ቤት ገባችና ውሃውን ከፈተችው።

አባዬ በዕረፍቱ ቀን ነገሩን ሰምቶ ብዙ አሰበና «ስቲስካ ሴ ሚ» አለ፤ ይህን ቃል አልረሳውም ነበር። እማዬ ትርጉሙን ስትሰማ «ናፈቀቻት ማለት ነዋ! ምን አውቶቡስ ትይኛለሽ?» ብላ ተቆጣችኝ፤ ከዚያ ያናን አጠገቧ አስቀምጣ፣ ቃሉን በሷ ቋንቋ በትክክል እስክትለው ድረስ ደጋገመችላት። ያና አረመቻት። እያለቀሰችም አረመቻት።

ከሁሉ ያስቸገረን ግን ትንሿ ዩ ነበረች። በእንግሊዝኛ ለሁሉም ሰው ዩ ነው። ያና አማርኛ መሞከር ስትጀምር ይህ አልበቃትም፤ በአገሯ ለቅርብ ሰው «ቲ»፣ ለሚከበር «ቪ» ይባላል፤ በእኛ ደግሞ አንቺም እርስዎም አለ። ለእናትሽ የቱን ልበላት? አለችኝ። እኔ አንቺ እንደምላት ነገርኳት። ያና አሰበችበትና፣ ያንቺ እናት ናት፤ እኔ እናት ነበረችኝ አለችኝ በእንግሊዝኛ፣ ያለ ምንም ቁጣ። ከዚያን ቀን ጀምሮ «እርስዎ ይቀመጡ»፣ «እርስዎ ይብሉ» ማለት ጀመረች። እማዬ «እግዜር ይስጥልኝ» ትላታለች። እኔ ግን እርስዎ የምትለውን ቃል በሰማሁ ቁጥር የእማዬን ፊት አይ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ የትምህርቱ ዓመት መጨረሻ ሲቃረብ ያና ትመለሳለች የሚለው ወሬ በረታ። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ እትዬ በላይነሽ፣ የእማዬ የማኅበር ጓደኛ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ጽጌ፣ አክስቷ ካለች ምን አስጨነቀሽ? የሰው ልጅ ለምን ትሸከሚያለሽ?» አሏት።

«የሰው ልጅ አይደለችም። የልጄ እህት ናት።»

«እሱስ ነው፤ ግን አንቺን ምን ብላ ትጠራሻለች?»

«በአክብሮት» አለችና እማዬ እጄን ይዛ ወጣች።

የያና አክስት የደወለችው በአንድ እሑድ ነው። አባዬ ሥራ ላይ ነበር፣ ያና ዳቦ ልትገዛ ወርዳለች። እማዬ ስልኩን አንስታ ማን እንደሆነች ስታውቅ፣ ያና የለችም ብላ ልትዘጋው ትችል ነበር። ቀጥ ብላ ቆመች፣ ነጠላዋን አስተካከለች።

«ዶብሪ ደን» ብላ ሰላምታ አቀረበች። «ያና ዬ ዶማ።» ያና ቤቷ ናት። «ዪ ዶብርዤ። ስፒ ዶብርዤ።» ደህና ትበላለች፣ ደህና ትተኛለች። ያቺ ፊደል ልክ እንደ ያና ሆና ወጣች። «ስቲስካ ሴ ዪ፣ ትሮኹ።» ትናፍቃለች፣ ትንሽ። «ያ ታዲ።» እኔ አለሁ። ከዚያ፣ አክስቷ ታላቅ ሰው ናት ብላ በአክብሮት እንዴት እንደሚባል ከአባዬ አስቀድማ የተማረችውን፣ «ኔቦይቴ ሴ» አለቻት። አይፍሩ።

ቃላቱ ሁሉ በእኔ ፊት የተጠኑ ስለሆኑ አንድም አላመለጠኝም። ከወዲያ ማዶ ረጅም ንግግር መጣ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ፤ እማዬ ከውስጡ የያዘችው ምስጋናውን ብቻ ነበር፤ እሷም መልሳ አመሰገነች። ስልኩን አስቀምጣ መዳፏን በነጠላዋ ጠረገች።

አክስቷ በሌላ ቀን አባዬን በስልክ አግኝታ፣ ልጅቷ ራሷ ትወስን አለች። ሰኔ ላይ፣ ጭጋጉ ከባሕሩ ወጥቶ መንገዱን በሸፈነበት ጧት፣ አራታችንም ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀመጥን። አባዬ በቼክኛ ጀምሮ በአማርኛ ጨረሰው፤ ብትሄጂ አልቀየምሽም፣ ብትቆዪ ደስታዬ ነው አላት፤ ከዚያ አንገቱን ደፍቶ የጠረጴዛውን ፎርማይካ በጥፍሩ ይቧጥጥ ጀመር። ያና እሱን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ወደ እማዬ ዞረች።

«አንቺስ» አለቻት፣ «አንቺ ምን ትያለሽ?»

እኔ ስሕተት መስሎኝ ቸኮልኩ። «ያና፣ እርስዎ ነው የሚባለው—»

«ተያት!» አለች እማዬ፣ ዓይኗን ከያና ሳታነሳ። «ትክክል ብላለች።» ከዚያ «እኔማ ቆዪ ነው የምለው» አለቻት።

ያና ቆየች። ሃይስኩል ጨረሰች፣ ኮሌጅ ገባች፤ ዛሬ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ትሠራለች፣ ከኦክላንድ የሚነሣው ባቡር በሚያበቃባት፣ ዳብሊን በምትባል ከተማ ከባሏና ከልጆቿ ጋር ትኖራለች። አባዬ ዓይኑ ስለደከመ ታክሲውን ትቷል። እኔም ያን ዓመት መሃል ተቀምጬ ስላሳለፍኩ፣ እኩዮቼ ከመስማት የማያልፉትን አማርኛ እኔ እናገረዋለሁ፣ እጽፈዋለሁም።

ልጄ ዛሬ ቃል ሲቸግረው ስልኩን ያወጣል፤ ስልኩም ጠይቆ ሳይጨርስ በፈለገው ቋንቋ፣ አጥርቶ ይነግረዋል። እኔም ለሥራዬ እጠቀምበታለሁና አላማርርም። ግን ያኔ አንዲት ቃል ለማግኘት አንድ ክፍል ውስጥ መሰብሰብ፣ አንዳችን የሌላችንን አፍ ማየት ግድ ነበር። አሁን ቃሉ ኪሳችን ውስጥ ነው፤ እኛ ግን ለመገናኘት ቀደም ብለን ቀን እንቆርጣለን፤ አንዱ ሥራ ይገባል፣ ሌላው መንገድ ይዘጋበታል። ባለፈው እሑድ ተሳካልንና ሁላችንም እማዬ ቤት ተገኘን። የእኔም የያናም ልጆች ስልካቸውን ይዘው ሶፋው ላይ ተደርድረው ነበር። እማዬ ከኩሽና ሆና ለምሳ በአማርኛ ጠራች፣ በቼክኛ ጠራች፣ በእንግሊዝኛ ደገመች። ልጆቹ አልሰሙም። እኔና ያና እኩል ተነሣን።