ድምፄ ያልተንቀጠቀጠበት ቀብር

ባለፈው ቅዳሜ ሮም ዳርቻ ሮማኒና ካለው የገበያ አዳራሽ፣ የጓደኛዬ ልጅ የሌለውን ቦታ እንዳለ አድርጎ የሚያሳየውን ጥቁር የቪአር መነጽር አጥልቃ ባዶ አየር በእጇ እየዳበሰች ስትስቅ ቆሜ አየኋት። ሻጩ ለእኔም ዘረጋልኝ። "አመሰግናለሁ፣ አውቀዋለሁ" ብዬ እጄን ኪሴ ከተትኩ።

ያወቅኩት በሃያዎቹ ዕድሜዬ መጀመሪያ ላይ ሳለሁ፣ ያሳደጉኝ አክስቴ እትዬ ዘውዴ በታመሙበት ጥቅምት ነው። እትዬ ዘውዴ ዕድሜያቸውን በሰው ቤት ሠርተው የጨረሱ፣ ምላሳቸው ግን ለማንም ተቀጥሮ የማያውቅ ሴት ነበሩ። ለሾርባቸው ኮረሪማ ከፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ ገዝቼ የገባሁ ዕለት፣ ማንኪያውን ሳያስቀምጡ፣ "ቀብሬ ላይ የሕይወት ታሪኬን የምታነበው አንተ ነህ" አሉኝ።

"እትዬ፣ ምን ያናግርዎታል?"

"ወንድሜ ታደሰ ካነበበው ስለ ራሱ አውርቶ ነው የሚወርደው። አንተ ደግሞ የባሰብህ ነህ። ቤተ ክርስቲያን ማስታወቂያ ስታነብ አይቼሃለሁ፤ ከአንተ ይልቅ ወረቀቱ ነበር የሚናገረው፣ ኮሽ ኮሽ እያለ።" ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። "ሬሳዬ ፊት እንዳታዋርደኝ። ከተርበተበትክ ልጅ አላሳደግኩም ማለት ነው።"

እንዲህ ነበሩ። ፍቅራቸው ውስጥ ሁልጊዜ አንድ የሚወጋ ነገር አይጠፋም። እኔ ብዙ የማልናገር ልጅ ነበርኩ። ጣልያንኛውንም ስልክ ጥገናውንም ማንም ሳያስተምረኝ ነው የለመድኩት፤ ሰው ፊት መቆም ግን ክፍል ዘግተው ብቻቸውን የሚማሩት ነገር አልሆነልኝም።

ሉሊት እዚሁ የተወለደች ጓደኛዬ ናት። ያኔ ሥነ ልቦና ትማር ስለነበር፣ ሰው ፊት መናገር የሚፈሩ ሰዎችን በመነጽሩ ታለማምድ ነበር። "የምን ንግግር ነው?" ስትለኝ፣ "ሰው የሚሰበሰብበት ነው" አልኳት። በሕይወት ያለ ሰው ቀብር በአፍ አይጠራም። አክስቴ ስለ ራሳቸው ቢናገሩ መብታቸው ነው፤ እኔ ካወራሁት ግን ሞቱን የጠራሁት መሰለኝ። "ማትሪሞኒዮ ነው አይደል? ሚዜ ሆነህ!" ብላ ሳቀች። አላረምኳትም።

መነጽሩ ውስጥ ሰው የሞላበት አዳራሽ ነበር። ሰዎቹ ቆዳቸው እንደ ሸክላ ያብረቀርቃል፤ አንዱ ዓይኑን ሲጨፍን ከጎኑ ያለችውም እኩል ትጨፍናለች። የመጀመሪያው ቀን አንድ መስመር ሳልጨርስ አውልቄ ጣልኩት። ቀስ በቀስ ሉሊት ከኮምፒውተሯ አንዱን ታሳስለው፣ ሌላውን አስነስታ ታስወጣው ጀመር። "አሎራ፣ በል እንግዲህ፣ ትንፋሽ ውሰድ። ከግራ ወደ ቀኝ እያቸው። አንቀጹ ሲያልቅ ፈገግ በል" ትለኛለች። የአክስቴን ታሪክ ሞት የሚል ቃል ሳላስገባ አነባለሁ፤ እሷ የምትከታተለው ድምፄን ብቻ ነው። ድምፄ ሲረጋ መነጽሩ ጥግ ላይ አረንጓዴ መብራት ይበራል። ያ መብራት እንዲበራ ስል፣ የማነበው ስለ ማን እንደሆነ ማሰብ ተውኩ።

ከዚያ ስወጣ ቅጠል በረገፈበት መንገድ ላይ ካስታኛ የሚሉት የተጠበሰ ፍሬ ይሸታል። ትኩሱን ገዝቼ ስገባ እትዬ ዘውዴ እየላጡ፣ "አሁንም ትንቀጠቀጣለህ?" ይሉኛል።

"አልንቀጠቀጥም።"

"እናያለን። ምን አያለሁ! ያዩ ይነግሩሃል እንጂ።"

የዚያ ሰሞን ዝናብ ሳያባራ እትዬ ዘውዴ አረፉ።

ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቶ ነበር። አብረዋቸው በሰው ቤት የሠሩት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ፊት ተቀምጠዋል። ወረቀቱን ዘረጋሁ፤ እጄ ጸጥ አለ። ከግራ ወደ ቀኝ አየኋቸው። የተወለዱበትን፣ ሮም የገቡበትን፣ በየበጋው ከአሠሪያቸው ጋር ኦስቲያ ወርደው ባሕሩን በኩሽና መስኮት ብቻ ያዩበትን ዘመን፣ አንድም ቃል ሳልውጥ አነበብኩ። አንቀጹ ሲያልቅ ትንፋሽ ወሰድኩ። ፈገግ አልኩ።

ብዙም ሳላነብ ለቅሶው ቀዘቀዘ። ደረታቸውን ይመቱ የነበሩት እጃቸውን አወረዱ። አንዲት ሴት ዓይኗን ጠርጋ አፈጠጠችብኝ። ያዳመጡኝ መሰለኝ። እንዲያውም ደስ አለኝ።

ለቅሶ ቤት ንፍሮ ሲታደል ጋሼ ታደሰ ሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርገው፣ "ዜናውን ጨረስክልን? የአየር ጠባዩን ረሳኸው" አሉኝ። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ።

"ጋሼ፣ እትዬ እንዳልርበተበት ነግረውኝ ነው። ተለማምጄ..."

"ተለማምደህ? እሷ በቁሟ እያለች ቀብሯን ስትለማመድ ነበር?"

ከጎናቸው የተቀመጠችው ሴት የንፍሮውን ሳህን ስታሳልፍ እኔን ዘለለችኝ። "ይተዉት ጋሼ። ወልዳው ቢሆን ኖሮ አንጀቱ ይላወስ ነበር" አለች።

በሩ ጋ ሉሊት እንባ እየተናነቃት ያዘችኝ። "ቀብር ነው ለምን አላልከኝም? እንዲህ አድርጌ አላለማምድህም ነበር እኮ!" እጇን አላቅቄ ወጣሁ። እቤት ገብቼ በሬን ዘግቼ ለማልቀስ ሞከርኩ። ሲመጣ ይሰማኛል፤ ግን ትንፋሼ በራሱ ይረጋጋና ተመልሶ ይሄዳል። ጥሩ ተለማምጄ ነበር።

ያ ልምድ እስካሁን አልለቀቀኝም። ሥራ ቦታ ሰው ፊት ስቆም ስለማልፈራ ያመሰግኑኛል። ቀብር ሲኖር ግን ከኋላ እቆማለሁ። አንዳንዴ አንባቢው መሃል ላይ ድምፁ ይሰበርና ወረቀቱን ሌላ ሰው ይቀበለዋል፤ እሱ የሰው ትከሻ ተደግፎ ይወርዳል። እትዬ ዘውዴ ቢያዩት "አዋራጅ!" ይሉት እንደነበር አውቃለሁ። እኔ ግን እቀናበታለሁ። ሰዉ ሁሉ አብሮት ያለቅሳል፤ ሟች የወለዱት ልጅ ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅ አንድም የለም።