መሪውና መሪጌታው

ብቸና ውስጥ ዶሮ ሲያድርበት የኖረ፣ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ አሮጌ የእንግሊዝ የስፖርት መኪና ገዝቼ በገዛ እጄ ለመጠገን አራት ዓመት ታግያለሁ። መካኒኮቹ «ለቁራሌው ሽጠው» ሲሉኝ ይባስ እልህ ያዘኝ። ሞተሩን ሦስት ጊዜ አውርጄ መልሼ ገጠምኩት።

ባለፈው ክረምት ምርመራ አልፎ ቦሎ ሲለጠፍበት፣ ሙሉ ልብሴን ለብሼ እስከ ሞጣ ነዳሁት። ስመለስ ጥምጥም ያደረጉ አንድ አዛውንት መሪጌታ «ልጄ፣ እስከ ብቸና አድርሰኝ» አሉኝና አሳፈርኳቸው።

መንገድ ላይ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመን። የመኪናው መሪ በቀኝ በኩል መሆኑን ልብ አላለም፤ በግራ ወደተቀመጡት መሪጌታ ሄዶ፣ «አባቴ፣ መንጃ ፈቃድዎን ያሳዩኝ» አላቸው።

«ሹፌሩ እኔ ነኝ» ብዬ ኪሴን ብፈትሽ ባዶ ነው። መንጃ ፈቃዴ እቤት፣ በሥራ ቱታዬ ኪስ ውስጥ ቀርቷል።

«እንግዲያው መኪናው ጣቢያ ይቆማል» አለኝ።

የመኪናው የሸራ ጣሪያ ገና አልተሰፋም፤ ሰማዩ ደግሞ ጠቁሯል። ሜዳ ላይ ቆሞ ዝናብ ከገባበት የአራት ዓመት ልፋቴ ገደል ገባ። ለመንኩት፣ እምቢ አለ። እኔም ከመሪው ላይ እጄን አላነሳም ብዬ ድርቅ አልኩ።

ይሄኔ መሪጌታ ከጋቢያቸው ሥር አንድ ወረቀት አውጥተው ሰጡት። ፖሊሱ አገላብጦ አየውና ክው አለ። የታደሰ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ነበር።

«ወደ ቅኔ ቤት ከመመለሴ በፊት፣» አሉኝ መሪጌታ፣ «ዓባይ በረሃን ሃያ ዓመት በተሳቢ ተመላልሼበታለሁ። በል ተነስ፣ ቦታ እንቀያየር።»